ፍሬኑን ሳትይዙ አትፍረዱ፦ በግቢ ውስጥ ስለሚሠሩ ሞተር ሳይክሎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በከተማችን የተሽከርካሪ ምርመራ፣ ምዝገባና የወርክሾፕ ፈቃድ ለሚመለከታቸው ኃላፊዎች

ግልባጭ፦ ለአዲስ አበባ ነዋሪዎች

ጉዳዩ፦ በመኖሪያ ግቢ የተሠሩና የተለወጡ ሞተር ሳይክሎች ሳይመረመሩ እንዳይታገዱ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በሰባራ ባቡር፣ በአፍንጮ በር፣ በሠራተኛ ሰፈርና በተክለ ሃይማኖት አካባቢ በየግቢያችን ሞተር ሳይክል የምናድስ፣ የምንለውጥና ከወዳደቀ አካል እንደገና የምንሠራ አሥራ ሰባት ሰዎች ነን። ከመካከላችን የቶርኖ ሠራተኛ አለ፣ የብየዳ ባለሙያ አለች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። እኔ በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት አውቶ መካኒክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ፤ ብዕሩን የሰጡኝም በዕድሜ ስለምበልጣቸው ነው። ስለዚህ አንዳንድ ቦታ «እኛ»፣ አንዳንድ ቦታ «እኔ» ብል በዚሁ ተረዱልኝ።

እንድንጽፍ ያስገደደን ከጥቂት ወራት በፊት በምርመራ ጣቢያው በር ላይ የተለጠፈ አንድ ገጽ ማስታወቂያ ነው። «ከፋብሪካ ሲወጡ ከነበራቸው ቅርጽ የተለወጡ» ሞተር ሳይክሎች ለዓመታዊ ምርመራ እንደማይቀርቡና ቦሎ እንደማይሰጣቸው ይናገራል። ቀጥሎም «በመኖሪያ ቤት የሚካሄድ የተሽከርካሪ ሥራ» እንደሚታሸግ ያስታውቃል። ከዚያ ወዲህ የሦስታችን ግቢ ታሽጓል፤ አሥራ አንድ ሞተር ሳይክሎች ሸራ ለብሰው ቆመዋል፤ ባለቤቶቻቸውም ከእንጀራቸው ተለያይተዋል።

ማስታወቂያውን ደጋግሜ አነበብኩት። እንቅልፍ የነሳኝ «አይቀርቡም» የሚለው ቃል ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 በስሙ ላይ ሦስት ሥራዎችን ይዟል፤ መለየት፣ መመርመርና መመዝገብ። አንድ ተሽከርካሪ ፍሬኑ ሳይያዝ፣ መብራቱ ሳይበራ፣ ሻንሲው (ሁሉን የሚሸከመው ዋናው የብረት አካል) ሳይታይ ከበር ሲመለስ ከሦስቱ የትኛው ተሠራ? እኛ የምንለምነው እንድታልፉን አይደለም። የሠራነውን መርምሩ፤ የወደቀው ይውደቅ፣ የበቃው ይመዝገብ።

ከዚህ በታች የማነሳቸው ሁሉ በእኛው መካከል የደረሱ ናቸው። ስም አልጠራሁም፤ ስትጠሩን ግን ባለቤቶቹም እኛም ሰነዳችንን ይዘን እንቀርባለን።

በመጀመሪያ የፍሬኑን ነገር ላንሳ፤ የሰው ሕይወት ያለበት እሱ ነውና።

ዕቃ የማድረስ ፈቃድ ያለው አንድ ወጣት ከጨረታ ያማሃ ኤጂ 100 ገዛ። ይህች ሞተር ሳይክል 97 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ምት፣ ለእርሻና ለገጠር መንገድ ተብላ የተሠራች ናት፤ ሰንሰለቷ ሙሉ በሙሉ በሽፋን ውስጥ ስለሚዞር ጭቃና አቧራ አይበላውም። ጠንካራ ናት። የፊት ፍሬኗ ግን የፍሬን ሸራው ታምቡር በሚባለው ክብ ብረት ውስጥ እየተፋጨ የሚይዝ ነው። በሜዳ መንገድ ይበቃል። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያም ወደ አራት ኪሎ ከነጭነቱ በቀን ስምንት ጊዜ ለሚወርድ ሰው ግን ታምቡሩ ይግላል፣ ሸራው ይንሸራተታል፣ እጀታውም እስከ ጥግ ይገባል። ልጁ አንድ ቀን በዝናብ ከአንድ ታክሲ ኋላ በአንድ ክንድ ርቀት እንደቆመ ነገረኝ፤ ሲነግረኝ ፊቱ ገና አልተመለሰም ነበር።

ከዚያ በኋላ አራት ሳምንት ሠራን። ሶማሌ ተራ ሄደን ከተጋጨ ሕንድ ሠራሽ ሞተር ሳይክል ላይ የፊት አሞርዛተሩን ከነቸርኬውና ከነዲስክ ፍሬኑ ገዛን። የመሪው ዘንግ ውፍረት ከያማሃዋ ጋር ስላልገጠመ የቶርኖ ባለሙያችን የብረት ቀለበት አወጣለት፣ ኩሽኔታዎቹም በአዲስ ተተኩ። የፊትና የኋላ ጎማ በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን ለማየት ከጎን ክር ወጥረን ለካን፤ ልዩነቱ ሁለት ሚሊ ሜትር አልሞላም። የፍሬኑን ቧንቧ አዲስ አደረግን፣ ዘይቱን ቀየርን፣ አየሩን አስወጣን። በጠፍጣፋ መንገድ፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄደ ሲያዝ የሚቆምበት ርቀት በአራት ሜትር ያህል አጠረ። አራት ሜትር ማለት በእግረኛ ማቋረጫ ላይ ያለ ሰውን በመሳትና በመምታት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ጣቢያው ላይ ሞተር ሳይክሏ የቆየችው አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። «ይህ የፋብሪካው አይደለም» ተባለ፤ ተመለሰች። ፍሬኑን የሞከረው ሰው የለም። ልጁ ሥራ ፈትቶ ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ መጣና «ጋሼ፣ የድሮውን መልሱልኝ» አለኝ። መለስንለት። አሮጌው ታምቡር ገብቶ ሲቀርብ በዚያው ቀን አለፈ። ዛሬ ቦሎው የተለጠፈው በደካማው ፍሬን ላይ ነው፤ ጠንካራው ፍሬን የእኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በየምሽቱ ስልክ እየደወልኩ በሰላም መግባቱን እጠይቃለሁ። ይህን ኃላፊነት ከእኔ ጋር እንድትሸከሙት ነው የምጽፈው።

እዚህ ላይ «የፋብሪካ ቅርጽ» ስለሚባለው ነገር አንድ አስተማሪ የሚለውን ልበል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ሞተሩም እንደኛው ይተነፍሳል። ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ ካርቡራተር ሳይነካ እዚህ ሲሠራ ነዳጁ ከአየሩ ይበዛበታል፤ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ይጠቁራል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ነዳጅ የሚያሳልፈውን የነሐስ ቀዳዳ በጠበበ እንቀይራለን፤ ካንዴላው ተነቅሎ ሲታይ የማኪያቶ ቀለም እስኪይዝ ድረስ ደጋግመን እንሞክራለን። ለዳገቱ ደግሞ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን የኋላ ጥርሳም ጎማ ጥርሶች በሁለት ወይም በሦስት እንጨምራለን። ይህ ሁሉ «ከፋብሪካ ቅርጽ መለወጥ» ነው። በከተማዋ በደንብ የሚሄድ ሞተር ሳይክል ካያችሁ አንድ መካኒክ ለዚህ ከፍታ አስተካክሎታል ማለት ነው።

ፋብሪካዎቹም ቢሆኑ ከዚሁ መንገድ የመጡ ናቸው። ሶይቺሮ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1946 በሃማማትሱ ከተማ ሥራውን የጀመረው ከጦርነቱ የተረፉ ትንንሽ የሬዲዮ ጀነሬተር ሞተሮችን በብስክሌት ላይ እየገጠመ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያው ኩባንያ ሲጂ 125ን ሲያወጣ መሐንዲሶቹ በእስያ አገሮች ሰዎች ከልክ በላይ እንደሚጭኑና ዘይት በጊዜው እንደማይቀይሩ አይተው ነበር፤ ስለዚህ ቫልቮቹን ከላይ ሆኖ የሚከፍተውን፣ በሰንሰለት የሚዞረውን ካምሻፍት ትተው ቫልቮቹ በረጃጅም ዘንጎች እንዲከፈቱ አደረጉ። ከቻይና የሚመጡልን ብዙ ሞተር ሳይክሎች ሞተራቸው የዚያው ቅጂ ነው። ማሽንን ለሚነዳው ሰውና ለሚነዳበት መንገድ ማስማማት የሙያው መሠረት ነው፤ ተማሪዎቼን ያስተማርኳቸውም ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ነው። በልጅነት ልምሻ ግራ እግሩ የተጎዳ አንድ ሰዓት ሠሪ አለ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ መኖሪያው ወደ ከተማው ዳር ተዛወረ፤ ደንበኞቹ ግን መሃል ከተማ ቀሩ። ጠዋትና ማታ በክራንች አውቶቡስ ይጋፋል። እንደምታውቁት በሞተር ሳይክል ላይ ማርሽ የሚቀየረው በግራ እግር ነው። ለእርሱ ማርሹን በእጅ የሚገፋና የሚስብ ዘንግ ከሰልባትዮው (ከነዳጅ ታንኩ) ጎን አወጣንለት፤ ሲቆም ሚዛን እንዳይስት ደግሞ የኋላውን አንድ ጎማ አንስተን ከባጃጅ የተወሰደ ባለ ሁለት ጎማ ዘንግ ከነዲፈረንሻሉ ገጠምንለት። ክራንቹን የሚያስቀምጥበት ቱቦም ከጎኑ በየድንለት። ግቢያችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ነድቶ ሲዞር እናቱ እልልታዋን አቀለጠችው።

ማመልከቻው በሁለት መስኮት ተመለሰ። አንደኛው መስኮት «ሦስት ጎማ ስለሆነ ሞተር ሳይክል አይደለም» አለው። ሁለተኛው «ሊብሬው የሞተር ሳይክል ስለሆነ ሦስት ጎማ አይደለም» አለው። ሁለቱም መልስ በጽሑፍ አልተሰጠውም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው። ይህ ሰው ስምምነቱን ጠቅሶ አልተከራከረም፤ ማርሹን ራሱ እየቀየረ ወደ ሥራው መሄድ ብቻ ነው የፈለገው። ለአካል ጉዳተኛ የተለወጠ ተሽከርካሪ የሚስተናገድበት መስኮት ካለ አሳዩት፤ ከሌለ ክፈቱለት።

ሦስተኛውን በአጭሩ ልለፈው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ በኤሌክትሪክ መንዳት የአገር አቅጣጫ ሆኗል። አንድ ተማሪያችን ሞተሩ ነክሶ መዞር ያቆመ፣ ባጃጅ ቦክሰር የሚባል ሞተር ሳይክል ገዝቶ የነዳጅ ሞተሩን አወጣና በኋላ ቸርኬው ውስጥ የሚዞር የኤሌክትሪክ ሞተር አስገባበት። ባትሪው 3.6 ቮልት ያላቸው ሃያ የሊቲየም ክፍሎች በተከታታይ ተያይዘው 72 ቮልት የሚሰጡበት ነው፤ ፊውዝና የባትሪ መቆጣጠሪያ አለው፤ ክብደቱም የቀድሞው ሞተር በነበረበት ቦታ ዝቅ ብሎ ታስሯል። ፋይሉ ሦስት ጊዜ ተመልሷል። ምክንያቱ «የሞተር ቁጥር» እና «የሲሊንደር ብዛት» የሚሉት ሣጥኖች ባዶ መሆናቸው ነው። የሌለውን ሲሊንደር ቁጥር ከየት ያምጣ? የሊቲየም ባትሪ በደንብ ካልታሰረና ካልተጠበቀ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ ልጁም ይህን ያውቃል፣ የሚፈልገውም ያንን የሚያይለት መርማሪ ነው።

አራተኛው የስርቆት ጉዳይ ነው። በሰኔ 2011 ዓ.ም. በከተማዋ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ሲወሰን ምክንያቱ በሞተር ሳይክል የሚፈጸም ቅሚያና ሌላ ወንጀል እንደሆነ ተነግሯል። ስጋቱ እውነት ነው፤ የእኔም እህት ቦርሳዋን የተቀማችው በሞተር ሳይክል ነው። የተሰረቀ ሞተር ሳይክል ተበታትኖ የሚሸጠው፣ ቁጥሩ የሚፋቀው እንደኛ ባሉ ግቢዎች ሊሆን እንደሚችል አልክድም። ለዚህ ነው ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ ሁላችን መዝገብ የያዝነው፤ የገባው አካል ምን እንደሆነ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ፣ ሻጩ ማን እንደሆነና የመታወቂያው ቅጂ ይሰፍርበታል።

መዝገቡ ግን ዋጋ አስከፈለን። ከልጆቻችን አንዱ ለጥገና የመጣለትን ሞተር ሳይክል ሲያጥብ የሻንሲ ቁጥሩ በሞላ ተፍቆ እንደገና እንደተመታ አየ። ፊደሎቹ አንድ መስመር ላይ አልነበሩም፤ አንዱ ቁጥርም ከሌላው ጠልቋል። መዝገቡን ይዞ ራሱ ሄዶ አሳወቀ። ሦስት ቀን ታሰረ። ያመጣው ሰው እስከ ዛሬ አልተያዘም። አሁን በሰፈራችን እንዲህ ዓይነት ነገር ሲመጣ ሰው «አልሠራም፣ ውሰድልኝ» ብሎ ይመልሳል እንጂ አያሳውቅም። ያ ሞተር ሳይክል መዝገብ ወደማይዝ ሰው ይሄዳል። እናንተም እኛም የማንፈልገው ይህንኑ ነው።

አምስተኛው የመታሸጉ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ።

ከታሸጉት አንዷ ሠራተኛ ሰፈር የምትኖር የብየዳ ባለሙያ ናት። ሁለት ልጆቿን ያሳደገችው በዚያች የቆርቆሮ ክፍል ነው። እጇን ለማታውቁ ልንገራችሁ። የተሰነጠቀ ሻንሲ ሲመጣላት ቶሎ ብላ የብየዳ ኤሌክትሮድ አታነሳም። ቀለሙን ትልጣለች፣ ብረቱን ላምባ ትቀባለች፣ ጥቂት ቆይታ ታደርቀውና የጠመኔ ዱቄት ትነሰንስበታለች። ዓይን ያላየው ስንጥቅ ውስጥ የገባው ላምባ በጠመኔው ላይ እንደ ክር ይወጣል። ስንጥቁ የሚያበቃበትን ቦታ ታውቅና ከጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ትበሳለች፤ እንዳይሮጥ ነው። ከዚያ በኋላ ነው የምትበይደው፤ በላዩም ድጋፍ ላሜራ ትጨምርበታለች። ሰልባትዮ ለመበየድ ሲመጣላት ደግሞ ነዳጁ ተቀድቶ አልቋል ብላ አትዘናጋም፤ የቀረው ትነት እንደሚፈነዳ ታውቃለች። ታጥባዋለች፣ ከዚያም ብየዳው ከሚያርፍበት ጥግ በስተቀር ውኃ ትሞላዋለች። በትልልቅ ጋራዦች ይህንን የማያደርጉ ሰዎች አይቻለሁ።

የታሸገችበት ወረቀት ላይ የተጻፈው «የጎረቤት ቅሬታ» ነው። ጎረቤቶቿ ተጠየቁ። ሰባት አባወራዎች ቅሬታ እንደሌላቸው ፈርመው አስገቡ። ወረቀቱ ፋይሉ ውስጥ አልተገኘም ተባለ፤ እንደገና ፈርመው አስገቡ። «ነገ ተመለሺ» ተባለች። የብየዳ ማሽኗ፣ ሞርሳዋና የሦስት ደንበኞች ሞተር ሳይክል ከታሸገው በር ውስጥ ናቸው። ደንበኞቹ ዕቃቸውን የሚጠይቁት እሷን ነው።

ፈቃድ አውጪ ስትባል የተሰጣት መስፈርት ለአራት ጎማ ተሽከርካሪ ጋራዥ የተዘጋጀ ነው፤ መኪና የሚያዞር ግቢ፣ የምርመራ ጉድጓድ፣ ማንሻ ይጠይቃል። ሞተር ሳይክል ለመሥራት አንድ አልጋ የሚያርፍበት ያህል ቦታና ጥሩ መብራት ይበቃል። በመሃል ከተማ የጋራዥ ኪራይ የሚከፍል ገቢ ከእኛ መካከል የአንዳችንም የለም። ደግሞስ ሥራና መኖሪያ በአንድ ግቢ መሆኑ ለእነዚህ ሰፈሮች መቼ እንግዳ ሆነ? ሠራተኛ ሰፈር ስሙን ያገኘው የቤተ መንግሥቱ የእጅ ባለሙያዎች ስለሠፈሩበት ነው። የእኔ ሰፈር ሰባራ ባቡርም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው የእንፋሎት ማሽን እዚያው ተሰብሮ በመቆሙ እንዲህ እንደተባለ ከአባቶቻችን ሰምተናል። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ የሚሉትን ቃላት ከጣሊያን ጋራዦች የተቀበልናቸው፣ ሙያውንም አብረን የወረስነው በእነዚሁ መንደሮች ነው።

ጩኸትን በተመለከተ ግን ጎረቤት ይበልጣል። ስለዚህ በራሳችን ስምምነት ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ግራይንደር አይነሳም፣ እሑድም አይነሳም። የተቃጠለ ዘይት ወደ ቦይ አይደፋም፤ በጀሪካን ተጠራቅሞ ለሚወስዱት ይሰጣል። ይህን ያፈረሰ ካገኛችሁ እሱን ቅጡ።

ከእኛው ሙያ ውስጥ የሚያሳፍሩንም አሉ፤ መደበቅ አልፈልግም። ማርሚታ ቀድዶ ሌሊት ሰፈር የሚያናውጥ አለ። ለማማር ብሎ ፍሬቻና ስፖኪዮ የሚያወልቅ አለ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሻንሲ ቆርጦ ካሳጠረ በኋላ ደካማ ብየዳውን በስቱኮና በዱኮ የሚሸፍነው ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ሳይክል ጉድጓድ ሲመታ ለሁለት ይከፈላል፤ ከዓመታት በፊት በዚህ ዓይነት ሥራ አንድ የቀድሞ ተማሪዬን ቀብሬአለሁ። ማስታወቂያችሁ ግን ይህንንና የያማሃዋን ዲስክ ፍሬን በአንድ ሚዛን አስቀመጣቸው። ዱኮ ቀቢው አሁን ደስ ብሎታል፤ ከውጭ የፋብሪካ ቅርጽ እስከመሰለ ድረስ ማንም አይነካውም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

አስቀድሞ፣ በመኖሪያ ግቢዎች ላይ የተደረገው እሸጋ ጉዳዩ እስኪታይ ይነሳ። ይህ ካልሆነ ቢያንስ የደንበኞች ሞተር ሳይክሎችና የሥራ መሣሪያዎች በዚህ ሳምንት ይውጡ። የብየዳ ባለሙያዋ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ የሚጠብቀው ያንን በር ነው።

ቀጥሎ፣ «ከፋብሪካ ቅርጽ የተለወጠ» የሚለው አነጋገር ተነስቶ ለውጦች በየደረጃቸው ይለዩ። ቀለም፣ መቀመጫ፣ መሪና የዕቃ ማስቀመጫ ባለቤቱ አስታውቆ በዓመታዊው ምርመራ የሚያልፉ ይሁኑ። ፍሬን፣ አሞርዛተር፣ ቸርኬና ሞተር የተለወጠበት በተለየ ቀጠሮ ይመርመርና ውጤቱ በሊብሬው ላይ ይጻፍ። የተቆረጠ ወይም የተበየደ ሻንሲ ደግሞ ቀለም ከመቀባቱ በፊት፣ ብየዳው በዓይን እየታየ ይቅረብ። ይህንን የመጨረሻውን አጥብቀን የምንጠይቀው እኛው ነን፤ በሥራችን ላይ የሚከብድ ግዴታ ቢሆንም።

አርአያ ካስፈለገ አለ። በብሪታንያ ለብዙ ዓመታት በተሠራበት የነጥብ አሠራር ለሞተር ሳይክል ሻንሲ 5፣ የፊት አሞርዛተር 2፣ ጎማዎች 2፣ ሞተር 1፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሣጥን) 1 ነጥብ ይይዙ ነበር፤ የመጀመሪያውን ወይም ያልተለወጠ አዲስ ሻንሲ ጨምሮ 8 ነጥብ ያሟላ ሰሌዳውን እንደያዘ ይቀጥል ነበር። ያላሟላው ለብቻው ተመርምሮ ሌላ መለያ ይሰጠው ነበር፤ መንገድ አይዘጋበትም ነበር። በጀርመንም ፈቃድ የሚጠይቅ ለውጥ በመርማሪ ታይቶ በተሽከርካሪው ሰነድ ላይ ይሰፍራል። ቃል በቃል ይቀዳ አንልም። ከዚህ ከተማ መንገድና አቅም ጋር የሚስማማውን ከእኛ ጋር ተቀምጣችሁ አውጡ።

በኤሌክትሪክ ለተለወጡት ቅጹ ላይ የሲሊንደር ብዛት በሚለው ምትክ የሞተሩ ኪሎዋትና የባትሪው ቮልት የሚሞላበት ሣጥን ይግባ፤ ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ለአካል ጉዳተኛ የተለወጠ ተሽከርካሪ አንድ መስኮት፣ አንድ ኃላፊ ይመደብለት፤ ውድቅ ሲደረግም ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጥ።

የግቢ ወርክሾፖችን በሚመለከት፣ ለሞተር ሳይክል ብቻ የሚሆን አነስተኛ የፈቃድ ደረጃ ይዘጋጅ። እሳት ማጥፊያ፣ የዘይት ማጠራቀሚያ፣ የሥራ ሰዓት ገደብና የአካል መዝገብ ግዴታ ይሁኑ። መዝገባችንን በየወሩ ልታዩት ትችላላችሁ። ተፍቆ የተመታ ቁጥር አይቶ ያሳወቀ ባለሙያ ግን ቃሉን ሰጥቶ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ እንዲመለስ ከፖሊስ ጋር ተነጋገሩልን።

በመጨረሻም፣ መርማሪዎቻችሁን ላኩልን። የያማሃዋን ዲስክ ፍሬን በአንድ ቀን መልሰን እንገጥመዋለን። አሮጌውንም አዲሱንም ፍሬን በእናንተ መለኪያ፣ እናንተ በመረጣችሁት መንገድ ላይ ሞክሩና ውጤቱን በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ ለጥፉት። መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በመሃል አዲስ አበባ በየግቢያቸው ሞተር ሳይክል የሚሠሩና የሚያድሱ ባለሙያዎች ተወካይ፣
ጡረተኛ የአውቶ መካኒክ መምህር

ሰባራ ባቡር፣ አዲስ አበባ